ገጽ ለገጽ

ሙሐረቅ፣ ከባሕሩ ጥግ፣ ከዓሣ ሻጮች ሠፈር፣
አንዲት ቤተ መጻሕፍት አለች፤ ከሩቅ ስትታይ የጨው ክምር።
ነሐሴ ሲብስ፣ አስፋልቱ ጫማ እንደ ሙጫ ሲስብ፣
ሰው ለነፋሷ ነው የሚገባ፤ ማን አስታውሶ ሊያነብ።

ኀላፊዋ በድሪያ ታዲያ፣ ዘዴ አታጣም መቼም፤
«አንዴ የገባ እንዲሁ አይወጣም» ትላለች፤ አትሰለችም።
ካቻምና የዘር መሳቢያ ከፈተች፤ ቲማቲም፣ ሪሓን፣ ባሚያ፣
ያፈራለት ዘሩን ይመልስ፣ ያለ ዋጋ፣ ያለ ገበያ።
አምና መዶሻ፣ መሰርሰሪያ፣ የመረብ መጠገኛ
አዋሰች፤ መጣ ቤንጋሊው፣ መጣ የኬራላው መርከበኛ።
ዘንድሮ ደግሞ «ሰው እናውስ» አለች።
«ሰው?» አልኳት፣ ወልውዬ ሳልጨርስ።
«ሰው! ሃያ ደቂቃ ቁጭ ብሎ የሚነበብ፣ ከዚያ የሚመለስ።»

እኔ ጦይባ ነኝ፣ የባቲ ልጅ። አራት ዓመት እዚህ ጠርጌያለሁ፤
መጻሕፍቱን በጀርባቸው፣ በክብደታቸው አውቃለሁ፤
የቱ አቧራ ይወዳል፣ የቱ ሲነኩት ይረግፋል፤
ማንበቡ ቀርቶብኝ፤ ዐረብኛው በአፌ እንጂ በዓይኔ መች ያልፋል።

«አንቺም አንድ ቅጽ ነሽ» አለችና ካርድ ባንገቴ አጠለቀች፤
«ርእስሽስ?» ብላ ብትጠይቅ፣ መጥረጊያዬ ከእጄ ወደቀች።
ርእስ ለእኔ? የማውቀው ራስ ምታት፣ ያውም ሲነሳ የአሸዋ ንፋስ፤
«ሁላችሁንም በጫማ አውቃለሁ» ብለሽ ጻፊው፤ ይኸው ነው ርእስ።

የመጀመሪያው ዓርብ።
ጀልባ ጠጋኙ አቡ ዒሳ፣ ሌሊት ሠሪዋ ነርስ ማሪቴስ፣
ተወሰዱ፤ ተነበቡ። እኔን ማን ያንሳኝ፣ ማን ይመልስ?
አንድ ሰዓት ሙሉ ቀረሁ፣ ብቻዬን በመደርደሪያ፤
አቧራ ሊይዘኝ ነው ብዬ፣ ራሴን ላራግፍ ስል በመጥረጊያ፣

አንዲት ልጅ መጣች። ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። ሙዛ።
ካርዴን አየች፤ አገሬን። ተቀመጠች፣ እርሳስ ይዛ፤
ገጽ ለገጽ።
«መጽሐፍ ነሽ?» «ነኝ።» «መጠየቅ ይቻላል?»
«ገጹን ካላጠፍሽ።» ሣቀች።
ከዚያ ሣቋን ዋጥ አድርጋ፣ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች።

«ቤታችን ያለችው ሲገሬዳ፣ ያገርሽ ልጅ ናት መሰለኝ፤
ማክሰኞ ስልክ መጣላት፤ ከዚያ ወዲህ ቀና ብላ አላየችኝ።
ታበስላለች፤ አትቀምስም። ጥቁር አስራ፣ ሌት ሌት ከማጠቢያው ክፍል፤
እናቴም ዝም፣ አባቴም ዝም። በናንተ ቋንቋ፣ እንዲህ ለሆነ ሰው ምንድን ነው የሚባል?»

ሲገሬዳ... ጽገሬዳ! አፌ ውስጥ ስሟ ተቃና።
ማን ሞቶባት? እናት? ልጅ? አልጠየቅሁም። አልችልምና።
(ለእኔም አንዴ ስልክ መጥቶ ነበር፤ ሪፋዕ፣ ሰው ቤት ሳለሁ፤
ይህን ቃል የሚለኝ አጥቼ፣ ለራሴው ስለው አድሬያለሁ።)

«ጽናቱን ይስጥሽ፣ ነው የሚባለው።»
«ስናቱን ይስጥሽ።»
«አይ ልጄ፤
ምላስሽን ከጥርስ አስጠጊ፣ ትንፋሽ ያዢ፣ ልቀቂው በድንገት፤
ክብሪት ሲጫር ሰምተሻል? እንደዚያ ነው ጽ ማለት።»

«ስ።» «ጽ።» «ስ።» «ጽ።»
ነርሷ ዞራ አየችን፤ አቡ ዒሳ ከት ብሎ ሣቀ፤
በድሪያ ሰዓቷን ታያለች። ሃያው ደቂቃ አለቀ።
በመጨረሻ ከልጅቷ አፍ፣ እሳቱ ቦግ ብሎ ወጣ፤
ዓይኔን ጨው በላኝ። ላብ ነው እንዳልል፣ በዚህ ብርድ ላብ ከየት መጣ?

መዳፏ ላይ ጻፈችው፣ እየደገመች፣ በዐረብ ፊደል፤
ለ«ጽ» «ሳድ»ን አዋሰቻት። ያው ውሰት አይደል?

በማግሥቱ ዓርብ ሙዛ የለችም። ተዋሰኝ አንድ ተማሪ፤
ስለ ደመወዝ ጠየቀኝ፣ ቁጥር በቁጥር፣ እንደ መርማሪ።
ማታ ወለሉን ወልውዬ፣ መዝገቡን ላነሳ ከቦታው፣
ተራ ያዥ ከሚለው ረድፍ፣ ለሚመጣው ዓርብ ከተተወው፣
ዐረብኛ በሞላበት ገጽ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ እጅ ተንቀጥቅጦ የጻፋት
አንዲት ስም። ከነጽዋ።
አራት ዓመት ስጠርገው በኖርኩት ቤት፣ መጀመሪያ ያነበብኳት።

ሃያ ደቂቃ፣ ይላል ከጎኗ።
ሃያ ደቂቃ ምን ሊበቃን?